ፎቶውን ስታጎሉ ልኩንም ጻፉበት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከጅማ፣ ከሂርማታ ሰፈር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ላብራቶሪ ውስጥ ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የሥራዬ ትልቁ ክፍል አንድ ነገር ነበር፤ በማይክሮስኮፕ ደም እያዩ ወባ መፈለግ። ማጉላት የሚባለውን ነገር የማውቀው በዓይኔና በወገቤ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ፎቷችሁ ልናገር።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት በጤና ገጻችሁ ላይ የወባ ትንኝ እጭ ፎቶ አውጥታችሁ ነበር። ጥሩ ፎቶ ነው። ጭንቅላቱ፣ ደረቱ፣ በጎንና በጎኑ ያሉት ፀጉሮች ሁሉ ይታያሉ። ከዳር እስከ ዳር ስለካው አሥራ አምስት ሳንቲሜትር ሆነ። ከሥሩ የተጻፈው ግን «የወባ ትንኝ እጭ» የሚል ብቻ ነው። እውነተኛው እጭ ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደጎላ፣ አንድም ቃል የለም።

ለምን ይሄን ያህል ከነከነኝ? ጎረቤቴ ያሉ እማማ አሉ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት አልፏል። ጓሯቸው ውስጥ ለቤት ምርጊት አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ አለ። ቤቱ ከተመረገ ቆይቷል፤ ጉድጓዱ ግን እንዳለ ነው። ክረምት ሲወጣ ውሃ ይዞ ይቀራል፤ ፀሐይ ያገኘዋል። የወባ ትንኝ ደግሞ የምትወደው ልክ እንዲህ ያለውን ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው የቆመ ውሃ። የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ እንኳ ይበቃታል። ወደ ቦዬ ረግረግ በኩል የምትኖሩ ታውቁታላችሁ።

ስንት ጊዜ «እማማ፣ ይሄ ይደፈን» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» ይሉኛል፤ ይቀራል። ጋዜጣችሁ ሲመጣ ደስ አለኝ። አሁን ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ይዤላቸው ሄድኩ። ቡና እያፈሉ ነበር። ጋዜጣውን ክንዳቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው ያዙት። አዩት፣ አዩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ ይሄማ የእጄን መዳፍ የሚያክል አውሬ ነው። እኔ ጓሮ እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ዶሮዎቼ ዝም ይሉታል? የኔ ውሃ ውስጥ ያሉት ብናኝ የሚያካክሉ ናቸው። እነሱ ምንም አያደርጉም።»

ተሳስተዋል እንዳልል አልተሳሳቱም። ጋዜጣው ያሳያቸውን ነገር ዓይናቸው ካየው ጋር አስተያዩ። አልገጠመላቸውም። የሚያስተውል ሰው የሚያደርገውን ነው ያደረጉት። ግማሹን ብቻ የነገራቸው ጋዜጣው ነው።

ተነሳሁና ከረከቦቱ ላይ አንድ ነጭ ሲኒ አንስቼ ጓሮ ወጣሁ። ከጉድጓዱ ዳር ቀስ ብዬ ውሃ ጨለፍኩ። ጥላችሁ ውሃው ላይ ካረፈ እጮቹ ተወናጭፈው ወደ ታች ይሰምጣሉ፤ ስለዚህ ፀሐይዋን ፊት ለፊት አድርጎ መጠጋት ነው። ሦስት ገቡልኝ። ሲኒው ነጭ ስለሆነ ጥርት ብለው ታዩ። የወባ ትንኝ እጭ ከውሃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ነው የሚንሳፈፈው፤ እንደ ተጋደመች ትንሽ ስንጥር። የሌላዋ፣ የተለመደችዋ የቤት ትንኝ እጭ ግን በጅራቷ ተንጠልጥላ ጭንቅላቷን ወደ ታች ትደፋለች። የኔዎቹ ሦስቱም ተጋድመዋል።

አንዷን በማንኪያ ለይቼ ከጎኗ አንድ የሩዝ ፍሬ አስቀመጥኩ። እጯ ከሩዟ ትንሽ አጠር ትላለች። በሚሊ ሜትር አምስት ገደማ መሆኗ ነው። ከዚያ ለማንበቢያ የምይዛትን አምስት እጥፍ የምታጎላ መነጽር ሰጠኋቸው። እማማ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መነጽሯን ወደ ላይ ወደ ታች አሉ። ድንገት ቀጥ ብለው ቆሙ። «ጭንቅላት አለው!» አሉ። ጋዜጣውን አምጪው አሉኝ። ፎቶውን አዩ፣ ማንኪያውን አዩ፣ እንደገና ፎቶውን አዩ። «እሱው ነው። ራሱ ነው።» ቀጥለው በኦሮምኛ «ቡሳ» አሉና ዝም አሉ። ቡሳ ወባ ማለት ነው። በርግጥ እጩ ራሱ ወባ አያሲዝም። አድጎ ክንፍ ሲያወጣ፣ ያውም ሴቷ ብቻ፣ ከታመመ ሰው ደም ጠጥታ ቆይታ ሌላውን ስትነድፍ ነው የሚተላለፈው። ይህን ቡናው ላይ አጫወትኳቸው። ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጃቸው አካፋ ይዞ ጉድጓዱን ሲደፍን ሰማሁት።

የሠራው ፎቶው ነው ወይስ ሩዟ? ሁለቱም ናቸው። ፎቶው ብቻውን ግን አልሠራም ነበር።

ቋንቋችን እዚህ ላይ ያስተዋለው ነገር አለ። አጉሊ መነጽር እንላለን እንጂ አተላቂ መነጽር አንልም። ጎላ ማለት ተለቀ ማለት አይደለም። ጎልቶ ታየ፣ ድምፁ ጎላ፣ ቀለሙ ጎላ ያለ ነው ስንል፣ ከሌላው ተለይቶ ታወቀ ማለታችን ነው። ያ ነገር በልኩ እንዳለ ነው፤ ለእኛ ግን ግልጽ ሆነልን። ማይክሮስኮፕም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ስላይድ በሚባለው፣ ደሙ በተቀባበት መስታወት ላይ ያለችው የወባ ተውሳክ በአንድ ፀጉር ስንጣቂ እንኳ አልጨመረችም። ያደገው ብርሃኑ ወደ ዓይናችን የሚገባበት ማዕዘን ነው።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። ይህንኑ ጋዜጣ ወደ ፊታችሁ አቅርቡት። ፊደሉ እየሰፋ ይመጣል። እያቀረባችሁ ስትሄዱ ግን የሆነ ቦታ ላይ ይደበዝዛል። ለአብዛኛው ጎልማሳ ዓይን ሳይቸገር የሚያነብበት ርቀት ሃያ አምስት ሳንቲሜትር ተብሎ ይወሰዳል። ዕድሜ ሲጨምር ያ ርቀት ይሸሻል፤ እማማ ክንዳቸውን የዘረጉት ለዚህ ነው። ሌንስ ማለት ከዚያ ድንበር አልፈህ ተጠግተህም ጥርት አድርገህ እንድታይ የሚያደርግ መስታወት ነው። ስሌቱም ከዚያው ይወጣል። ብርሃንን በአምስት ሳንቲሜትር ላይ የምትሰበስብ ሌንስ፣ ሃያ አምስት ለአምስት ሲካፈል፣ አምስት እጥፍ ታጎላለች።

መነጽር ከሌላችሁ ፌስታል ይበቃል። እኔ ልጅ ሆኜ ያወቅሁት በዝናብ ነው። አባቴ ጋዜጣ በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይዞ ሲመጣ የዝናብ ጠብታ ላዩ ላይ አርፎ ነበር። በጠብታው ሥር ያለው «መ» ብቻ አብጦ ታየኝ። ሌሎቹ ፊደላት እንዳሉ ናቸው። በጣቴ ጠብታዋን ስገፋት እብጠቱ ወደ «ን» ሄደ፣ ከዚያ ወደ «ግ»። ፕላስቲኩን ከጋዜጣው ትንሽ ከፍ ሳደርገው ፊደሉ ይበልጥ ጎላ። ጠብታዋ ጀርባዋ ስለጎበጠ ሌንስ ሆናለች። ከሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት በሆላንድ ዴልፍት ከተማ የነበረው ሌቨንሁክ የሚባለው የጨርቅ ነጋዴም ከዚህ ብዙ ያልራቀ ነገር ነው የሠራው። ከጠብታም ያነሰች፣ የከበበች የመስታወት ሌንስ በብረት መካከል አድርጎ፣ በዓይኑ አስጠግቶ በኩሬ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ፣ በባዶ ዓይን የማይታዩ ደቃቅ ፍጥረታትን አየ። እስከ ዛሬ ከተረፉት ሌንሶቹ አንዷ ከ250 እጥፍ በላይ ታጎላለች።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። የእኛ ማይክሮስኮፕ ሁለት ሌንስ ይደራርባል። ከላይ ዓይን የሚያርፍበት 10 ነው። ከታች የሚዞሩት 4፣ 10፣ 40 እና 100 ናቸው። ሁለቱ ይባዛሉ። ወባ የሚነበበው በመጨረሻው ነው፤ ስላይዱ ላይ አንድ ጠብታ ዘይት ተደርጎ፣ 10 በ100፣ ሺህ እጥፍ።

ሺህ እጥፍ ሲባል ሰው ዝሆን የሚያክል ነገር ይጠብቃል። ለተማሪዎቼ የምነግራቸው በእህል ነበር። የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ሺህ እጥፍ ብትጎላ አንድ ሜትር ትሆናለች። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ግን ወርዷ ከሚሊ ሜትር ሺህኛ ሰባት ወይም ስምንት ናት። መቶ ሠላሳ ገደማ ሕዋሳት ተሰልፈው ነው የአንዲት ጤፍን ርዝመት የሚሞሉት። እሷ ሺህ እጥፍ ጎልታ ሽምብራ አከለች። በውስጧ ያለችው፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ከባድ ወባ ቀለበት መሳይ ተውሳክስ? ከሕዋሷ አንድ አምስተኛ ገደማ ናት። ሺህ እጥፍ ጎልታ ገና ጤፍ ብታክል ነው። ሽምብራ ላይ ያለች ጤፍ። አንድ ሐምራዊ ነጥብ፣ ከነጥቧ የወጣች ቀጭን ሰማያዊ ቀለበት፣ በቃ። ለዚች ጤፍ ነው ሰው መድኃኒት የሚጀምረው።

ይህም በነጻ አይገኝም። ባጎላችሁ ቁጥር የምታዩት ቦታ ይጠባል፣ ብርሃኑም ይደክማል። በ10ሩ ሌንስ የሚታየው ክብ ወርዱ 1.8 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ በ100ው ሲታይ 0.18 ሚሊ ሜትር ነው። በስፋት መቶ ጊዜ ያንሳል። ጤፏን ከዳር እስከ ዳር ለማየት አምስት ተኩል ክብ መጓዝ አለባችሁ። ፊልድ የምንለው ያንን አንዱን ክብ ነው። ለዚህ ነው አንድ ስላይድ «ወባ የለም» ከመባሉ በፊት ቢያንስ መቶ ፊልድ መታየት ያለበት። አንዱን አይተህ ንጹሕ ነው ማለት፣ ጅማ መርካቶ አንድ ሱቅ ገብተህ ስኳር ስታጣ ከተማው ውስጥ ስኳር የለም እንደ ማለት ነው። ውጤት ሲዘገይ የሚቆጡን ታካሚዎች ይህን ቢያውቁ ብዬ ብዙ ጊዜ ተመኝቻለሁ።

ማጉያ ደግሞ መርጦ አያጎላም። እድፉንም ያጎላል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ጤና ተቋም ውስጥ፣ ተውሳኩ እንዲታይ ደሙን የምንቀባበት ጊምሳ የሚባለው ቀለም በደንብ ሳይጣራ ቀረ። ደቃቅ የቀለም ዝቃጭ ስላይዱ ላይ ተዘራ። እኔ ጥቁር ሐምራዊ ነጥብ ባየሁ ቁጥር እቆጥር ነበር። የአንድ ሕፃን ውጤት ላይ «ወባ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ደግነቱ የበላይ ባለሙያዬ ሳይፈርሙ ያዩ ነበር። ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ምስሉን የምታጠራውን ትንሿን መዘውር ጫፏን ብቻ ነካ አደረጉ። «ነጥቡ ሲጠራ ደሙ ደበዘዘ፤ ደሙ ሲጠራ ነጥቡ ደበዘዘ። አየሽ? አንድ ወለል ላይ አይደሉም። ቆሻሻው ከላይ ተቀምጧል» አሉኝ። ሕፃኑ ሳል ነበረበት፤ ሕመሙ ሳንባ ነበር። በጎላ ቆሻሻ ምክንያት የወባ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤት ሊሄድ ነበር። ያን ቀን ወደ ቤቴ በአወይቱ ድልድይ ስሻገር እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ መዘውሩን ሳልነካ አንድም ነጥብ ቆጥሬ አላውቅም።

ሌላው ሰው የማያውቀው፣ ማጉላት ልክ አለው። ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ የመጫወቻ ማይክሮስኮፕ ተገዛለት። ካርቶኑ ላይ «1200 እጥፍ» ይላል። ልጁ በደስታ አልተኛም። የሽንኩርት ልጣጭ አደረግንበት። በትንሹ ሌንስ ሕዋሶቹ እንደ ጡብ ግንብ ተደርድረው ጥሩ ታዩ። በ1200ው ሲያየው ግን ጭጋግ ሆነ። ልጁ «አክስቴ፣ ዓይኔ ነው?» አለኝ። ዓይኑ አይደለም። ኤርንስት አበ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1873 እንዳስረዳው፣ በብርሃን ስናይ የምንለያቸው ነገሮች ቅርበት ወሰን አለው፤ አንድ ሚሊ ሜትር አምስት ሺህ ቦታ ሲከፈል አንዱ ገደማ። ከዚያ በላይ የተቀራረቡ ሁለት ነጥቦች ምንም ያህል ቢጎሉ አንድ ትልቅ ነጥብ ይሆናሉ እንጂ ሁለት አይሆኑም። በጥሩ ሌንስና በዘይትም ቢሆን ከሺህ ብዙ ሳንርቅ ወሰኑ ይደርሳል። ርካሽ ሌንስማ ገና መንገድ ላይ ይደክማል። ሥራችን ላይ ባዶ ማጉላት እንለዋለን። ስልካችሁ ላይ ፎቶ በሁለት ጣት ስትለጥጡ ፊቱ ጠፍቶ አራት ማዕዘን ቡራቡሬ የሚሆነው የዚሁ ዘመድ ነው። ፎቶው ሲነሳ ያልተያዘ ነገር ሲለጠጥ ከየት ይመጣል? ሻጮች ቁጥሩን ካርቶን ላይ የሚያትሙት ወላጅ በቁጥር እንደሚገዛ ስለሚያውቁ ነው። ለልጅ የምትገዙ ካላችሁ አርባ እጥፍ ጥርት አድርጎ የሚያሳየውን ግዙለት።

በኮሮና ጊዜ ደግሞ ሰው ላብራቶሪ በር ላይ ቆሞ «እስቲ በማይክሮስኮፕ አሳዩን» ይለን ነበር። ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ያቺን ባለ ቀይ እሾህ ኳስ ያሳይ ስለነበር እኛ መደበቃችን መሰላቸው። ቫይረሷ አንድ ሚሊ ሜትር አሥር ሺህ ቦታ ሲከፈል አንዱን ታክላለች፤ የኛ ማይክሮስኮፕ ከሚለየው በታች። የምትታየው በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፤ እሱ ደግሞ ቀለም የሚባል አያውቅም። ያቺ ባለ ቀይ እሾህ ኳስ ፎቶ ሳትሆን ሰው የሠራት ሥዕል ናት፤ ቀዩም የሠዓሊው ነው። ከሥሯ «ይህ ሥዕል ነው፤ ቀለሙም ለማስረዳት የተጨመረ ነው» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ያ ሁሉ ክርክር ይቀር ነበር።

እናም የምለምናችሁ ይህ ነው። የጎላ ነገር ስታወጡ ልኩን አብራችሁ አውጡ። «ሠላሳ እጥፍ የጎላ» ብሎ መጻፍ ከምንም ይሻላል፤ ግን ያ ቁጥር ያታልላል። ፎቶው ሲነሳ ሠላሳ እጥፍ የነበረ፣ የገጽ አቀናባሪው ቦታ ሲያጥረው በግማሽ ቢያሳንሰው አሥራ አምስት ሆነ። አንባቢው በስልኩ ሲለጥጠው ደግሞ ሌላ ሆነ። ቁጥሩ ግን እንደ ተጻፈ ቀረ። የሚሻለው ፎቶው ላይ አንድ አጭር መስመር አስምሮ «ይህ አንድ ሚሊ ሜትር ነው» ማለት ነው። መስመሯ ከፎቶው ጋር ትጠብባለች፣ ከፎቶው ጋር ትሰፋለች፤ መቼም አትዋሽም። ሚሊ ሜትር ለማይጠቀም አንባቢ ደግሞ ቤቱ ያለ ነገር ከጎን ይቀመጥለት። ጤፍ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ የክብሪት ጫፍ። እዚህ ጅማ ከሆነ የቡና ፍሬም ይሆናል። የገብስ ነቀዝ፣ የከብት መዥገር፣ የቡና በሽታ ነጠብጣብ ስታወጡም ያው ነው። ገበሬው በእጁ ይዞት ሳለ «የጋዜጣው አይደለም» ብሎ እንዳይጥለው። ሕትመቱ ላይ የሚጨምረው የጣት ጥፍር የማታክል ቦታ ነው።

ፈረንሳዊው ሐኪም ላቨራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ፣ ቀለም ባልነካው ትኩስ ደም ውስጥ የወባን ተውሳክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ብዙ ባልደረቦቹ ለዓመታት አላመኑትም። ሐኪሞች እንዲያ ካሉ፣ በእማማ መፍረድ አይገባም።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ ልኬላችኋለሁ። ማንኪያው ውስጥ ያለችው የእማማ ጓሮ እጭ ናት። ከጎኗ ያለችው ነጯ የሩዝ ፍሬ ናት። ካወጣችሁት ለቦታ ብላችሁ ጠርዙን ስትቆርጡ ሩዟን እንዳትቆርጡብኝ አደራ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የላብራቶሪ ባለሙያ
ጅማ፣ ሂርማታ